ባለ ሁለት ክንፉ ጥሩር

ኦክላንድ፣ ኦክቶበር 2012

ውድ ጋሽ ይብራህ፣

ተድላ ሳይደውል ቬጋስ ድረስ መጥቶ ደጅዎ ላይ ሲቆም እንደሚደነግጡ አውቃለሁ። ማንም አልሞተም። እኔም ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ ነኝ፣ ሰሞኑን ደስታው ምግብ እያስረሳኝ ነው። ለእትዬ ኣልጋነሽ ሰላምታዬን ያድርሱልኝና ቁጭ ብለው፣ መነጽርዎን አድርገው እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ። ተድላን ምንም አይጠይቁት፤ እሱ ታሪክ ሲያወራ ከመጨረሻው ነው የሚጀምረው።

ለምን አልደወልሽም ይሉኛል። በስልክ ሁልጊዜ ያሸንፉኛል፣ ለዚህ ነው። ባለፈው እሑድ እንኳ ገና "ጋሽ ይብራህ፣ ስለ ጥሩሩ..." ስል፣ "ጓለይ፣ ልጄ፣ እሱ ነገር አለቀ እኮ! የራስ ቁሩንና ጭምብሉን ለሳንታ ክላራው ሰውዬ ስጪው፤ የቀረውን በየቁራጩ ሽጪና ድርሻዬን ላኪልኝ" ብለው ዘጉት። ልክ ነው፣ ግማሹ የእርስዎ ነው። ያለ እርስዎ ቃል አንዲት ክር አልሸጥም፤ አልሸጥም ብዬ እምቢ ማለትም አልችልም። የሳንታ ክላራው ሰውዬ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊወስድ ይመጣል። እኔ ደግሞ ጥሩሩ፣ ያ የጃፓን የጦር ልብስ፣ እንዳይበታተን እፈልጋለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚህ ነው።

እርስዎ ያዩት ተድላ በስልክ የላከልዎትን ፎቶ ብቻ ነው። እዚያ ላይ የተሰበረ ጃንጥላ ስለሚመስል አልፈርድብዎትም። ስለዚህ ከጋራዡ ልጀምር።

እርስዎ ድርሻዎን አዋጥተው ወደ ቬጋስ በሄዱ በሳምንቱ ከተድላ ጋር እዚሁ አጠገባችን አልባኒ ሄድን። የቤቱ ባለቤት ሽማግሌ ነበሩ፤ አርፈዋል። ልጃቸው ቤቱን ቶሎ ለመሸጥ የቸኮለ፣ የጫማውን ክር እንኳ በቅጡ ያላሰረ ሰው ነው። ጋራዡ ውስጥ ያለውን በጅምላ ውሰዱ ይላል። የአናጺ መሣሪያ አለ፣ የዋልነት እንጨት ቁምሳጥን አለ፣ የድሮ የሙዚቃ ሸክላዎች፣ የልብስ ስፌት መኪናዎች። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ግን ልብ የሚያስደልቅ አልነበረም። ከኋላ፣ ከበረዶ መንሸራተቻዎቹ ሥር፣ ጥቁር የእንጨት ሣጥን ተቀምጧል። ተድላ ክዳኑን ከፍቶ ወደ ኋላ ዘለለ።

"በስመ አብ! ትርንጎ፣ ሰውዬ አለ እዚህ ውስጥ!"

"ድምፅህን ቀንስ፣ ዋጋ ታስጨምራለህ።"

"እያየኝ ነው እኮ!"

"አንተም እየው።"

ልጁ ከበሩ ላይ ሆኖ ምን ተፈጠረ ሲል፣ ሣጥኑ ይከብዳል እያለ ነው አልኩትና ክዳኑን ዘግቼ ስለ ስፌት መኪናዎቹ ወደ መከራከሬ ተመለስኩ። የዚያን ዕለት ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት "አልባኒ። ሣጥን። ፊቴ አልተለወጠም" የሚል ብቻ ነው። ልቤ ግን መኪናው ላይ እስክንጭነው ድረስ ጆሮዬ ሥር ነበር የሚመታው።

ስንጭን ልጁ ራሱ ነገረን። "የጃፓን የጦር ልብስ ነው። አባቴ ወጣት ሆኖ የገዛው ነው። አንደኛው የትከሻ መከላከያ ግን የለም። ሳን ሆዜ ያሉ ሚስስ ሃማዳ የሚባሉ ሴት እንዲጠግኑለት ሰጥቶ ከዚያ ታመመ። ከፈለጋችሁ ሄዳችሁ ውሰዱት፣ እሱም የእናንተ ነው" አለ።

ቤት አምጥቼ ሳሎኔ ወለል ላይ አንሶላ ዘረጋሁና አንድ በአንድ አወጣሁት። ጋሽ ይብራህ፣ ሞተር ሲከፍቱ "ይሄን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ" የሚሉት ነገር አለዎት አይደል? እኔ የዚያን ቀን ብቻዬን ቁጭ ብዬ ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። ደረቱ ከሩቅ ሲያዩት ጣውላ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ግን እንደ ዓሣ ቅርፊት ያሉ ትናንሽ ሰሌዳዎች ናቸው፤ አንዱ ብረት፣ አንዱ ጥሬ ቆዳ፣ በየተራ። ብረት ብቻ ቢሆን ለባሹ አይነሳም፤ ቆዳ ብቻ ቢሆን ይበሳል። እርስ በርስ በጠፍር ተሰፍተዋል፤ ከዛፍ የሚደማ ቅብ ተቀብተው ደርቀዋል፣ ደግሞ ተቀብተው ደግሞ ደርቀዋል፣ ረድፉ በሙሉ አንድ አካል እስኪሆን። ከዚያ አንዱ ረድፍ ከሌላው ላይ በሰማያዊ የሐር ጉንጉን ተንጠልጥሏል። ወደ ታች ሲጫኑት እንደ አኮርዲዮን ይሰበሰባል፤ ሲያነሱት ወርዶ ይዘረጋል። ሙሉው ልብስ ተጣጥፎ ያቺ አንዲት ሣጥን ውስጥ የሚገባውም ለዚህ ነው።

የራስ ቁሩ ጠባብ ጠባብ የብረት ሰሌዳዎች ተደራርበው የተያያዙበት ነው፤ የእያንዳንዱ ጠርዝ ቀና ስላለ እንደ ዱባ ጎድን ጎድን አለው። ጭምብሉ ቁጡ ነው። ጢሙ የፈረስ ፀጉር ነው፣ አፍንጫው ይፈታል፣ ውስጡ ቀይ ነው። አገጩ ሥር ደግሞ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ለምን እንደሆነች ብዙ ካሰብኩ በኋላ ነው የገባኝ፦ ላብ እንዲወርድባት ነው! ሊዋጋ ለሚሄድ ሰው ላቡ የሚወጣበትን መንገድ አስበውለታል። ያን ሰዓት ተነስቼ ሳሎኑ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ቢሆንም ነጋዴ ነኝ። ፎቶ አንስቼ በየቦታው ላክሁ። የሳንታ ክላራው ሰውዬ፣ ያ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው፣ በማግስቱ መጣ። ዋጋው ጥሩ ነው፣ አልዋሽዎትም፤ እርስዎም ያውቁታል። ግን የራስ ቁሩንና ጭምብሉን ብቻ ነው የሚፈልገው። ቢሮው ውስጥ በመስታወት ሣጥን ሊያስቀምጣቸው ነው። "ደረቱን ምን አደርገዋለሁ? ቦታ ይይዛል" አለኝ። ለእርስዎ ስነግርዎት ሳን ፓብሎ መኪና እየፈቱ በሚሸጡበት ዘመን እንደሚሉት አሉ፦ ሙሉ መኪና አንድ ገዢ ነው ያለው፣ የተፈታ መኪና ግን ሰፈር ሙሉ ገዢ አለው። እኔም አመንኩ። በየቁራጩ መሸጡ ካልቀረ ያቺን የጎደለች የትከሻ መከላከያም ላምጣት ብዬ ሳን ሆዜ ሄድኩ።

ሚስስ ሃማዳ ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት ናቸው። ጃፓንታውን ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ጀርባ፣ አጥሯ አጭር የሆነች ቤት አለቻቸው። ሳሎናቸው መሐል ክብ የእንጨት መድረክ ቆሟል፤ ዙሪያውን ጫፋቸው ላይ ክብደት የታሰረባቸው የሐር ክሮች ተንጠልጥለዋል። እያወሩኝ እጃቸው አንዱን ክር ወደዚያ አንዱን ወደዚህ ያሻግራል፤ የተጎነጎነው ደግሞ በመሐሉ ቀዳዳ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። የእኛ ዕቃ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሰፊ ነው፣ ከትከሻ እስከ ክንድ የሚወርድ፣ እውነትም ክንፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ክንፍ ነው የምለው። ሰማያዊው ሐር የድሮው እንዳለ ነው፤ ጠርዙ ላይ የነበረው ጥቁሩ ግን ማቅለሚያው ውስጥ ብረት ስለነበረበት ራሱን እየበላ ተበጣጥሶ ነበር። ሴትዮዋ እሱን ብቻ ነቅለው በራሳቸው ጉንጉን ተክተውታል። የቱ አሮጌ የቱ አዲስ እንደሆነ እስኪያሳዩኝ ድረስ አልለየሁትም።

"ለድካምዎ ስንት ልክፈል?" አልኩ። ነገሩኝ። እኔ ግማሹን ጠራሁ። ሻይ ጨመሩልኝ። ትንሽ ከፍ አደረግሁ። ደግሞ ሻይ ጨመሩልኝ። መርካቶ ያደገ ሰው እዚህ ጋ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። ብድግ አልኩና "እንግዲያውስ ይቅርብኝ" ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ። ቸኩዬ አይደለም። ደፉ ላይ ቆሜ ነጠላዬን አስተካከልኩ፣ ቦርሳዬ ውስጥ የሌለ ቁልፍ ፈለግሁ፤ የሚጠራኝ ሰው እንዳይቸገር ጊዜ ሰጠሁ። ሚስስ ሃማዳ እስከ በሩ ሸኙኝ፣ እጅ ነሱኝ፣ "ስለመጣሽ አመሰግናለሁ፣ በደህና ግቢ" አሉና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ተድላ መኪና ውስጥ እየጠበቀኝ ነበር።

"ዲሉ አለቀ?"

"ይጠሩኛል። ቀስ ብለህ ንዳ።"

"ገና ሞተሩን አላስነሳሁም እኮ።"

"እንግዲያው ቀስ ብለህ አስነሳ። መስኮቱን ክፈተው፣ ሲጣሩ እንድንሰማቸው።"

ሰፈሩን አንድ ዙር ዞርን። ተድላ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። "ትርንጎ፣ ማዘር መጋረጃውን ዘጉት።"

"ፀሐይ ስለሆነባቸው ነው።"

"ፀሐዩ በዚያ በኩል ነው።"

"ንዳ ብዬሃለሁ።"

ሳንታ ክላራ ስንደርስ ትራፊኩ ውስጥ ቆመን "ኮል ላድርግላቸው እንዴ?" አለኝ። ምን እንደመለስኩለት አልጽፈውም፣ እትዬ ኣልጋነሽ ያነቡታል።

ይሳቁብኝ፣ ግድ የለም። እኔም ኦክላንድ ከገባሁ በኋላ ሳቅሁ። ይቅርብኝ ብያለሁ፣ ሴትዮዋ ደግሞ አመኑኝ። ይኸው ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ንግድ "ይቅርብኝ" ስል ያመነኝ ሰው አልገጠመኝም ነበር።

ማክሰኞ ተመልሰን ሄድን። የጠሩትን ዋጋ በሙሉ ለመክፈል ቆርጬ ነው የሄድኩት፤ ግን ስለ ክፍያ አንድ ቃል ከመተንፈሴ በፊት ተድላ ሣጥኑን ተሸክሞ በሩ ላይ ደረሰ። ያመጣሁት ብቻውን ቤት እንዳይቀር ፈርቼ ነበር፤ ለሌላ አልነበረም። ሚስስ ሃማዳ ሣጥኑን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

"የቀረው ነው?"

"አዎ። አይተውት አያውቁም እንዴ?"

"ሽማግሌው ይቺን ክንፍ ብቻ ነው ያመጡልኝ። ዓመት ሙሉ የሌላኛዋን ሰማያዊ በልቤ እየገመትኩ ነው የሠራሁት። ግቡ፣ ግቡ! እጃችሁን ታጠቡ!"

ያቺ ጸጥተኛ ሴት፣ ጋሽ ይብራህ፣ እንደ ልጅ ሮጡ። ከጓዳ የመጥረጊያ እንጨት አመጡ፣ ከቁምሳጥን ኮት መስቀያ አመጡ፤ ሁለቱን አሰሩና ሣጥኑ ላይ አቁመው ተድላን ያዝ አሉት። ከዚያ ከታች ጀመሩ። መጀመሪያ የቅልጥሙን፣ ቀጥሎ የጭኑን፣ የክንዱን፣ ከዚያ ደረቱን። ሁሉም ነገር ተራ አለው፤ አንዱን ቀድመው ካሰሩ ሌላው አይገባም። እኔ እያቀበልኩ፣ እሳቸው እያሰሩ፣ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ እያወራን።

"ማዘር፣ እጄ ዛለ" አለ ተድላ።

"ማዘር ማለት በእናንተ ዘንድ ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"እናት ለሆነች ሴት ሁሉ ክብር ነው" አልኳቸው።

"እንግዲያውስ ልጄ፣ አትነቃነቅ" አሉት፤ ተድላም ሐውልት ሆነ።

አሁን የምጽፈውን ደግመው ያንብቡልኝ። ልብሱ ጀርባ ላይ ትልቅ ቀይ የሐር ቋጠሮ አለ። ጌጥ ነበር የመሰለኝ፤ ለብቻው ፈትቼ ልሸጠውም አስቤ ነበር። ሳሎኔ ውስጥ ወንበር ላይ ሳቆመው ጥሩሩ ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነብል ነበርና የወለሉ ጥፋት መስሎኝ ከሥሩ ካርቶን አስገብቼለታለሁ። ወለሉ ምንም አልሆነም ነበር። ከእያንዳንዱ ክንፍ ጀርባ ገመድ ወጥቶ እዚያ ቋጠሮ ላይ ይታሰራል። ሰውየው ወደ ፊት ሲያጎነብስ ክንፎቹ ተንሸራትተው ክንዱ ላይ እንዳይወድቁ የቀኙ የግራውን ይይዛል፣ የግራው የቀኙን። አንዱ ክንፍ ብቻ ሲኖር ቋጠሮውን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። ሚስስ ሃማዳ ሁለተኛዋን ክንፍ ሰቀሉ፣ ገመዷን ወደ ኋላ አሻገሩ፣ አሰሩ። ጥሩሩ በዓይኔ ፊት ቀና አለ! ማንም ሳይነካው፣ ደረቱ ዞሮ ፊት ለፊት ቆመ። ከዚያ ጭምብሉን፣ በመጨረሻ የራስ ቁሩን አደረጉለት። ሦስታችንም ወደ ኋላ ፈቀቅ አልን፤ ተድላ እንኳ እንጨቱን በአንድ እጁ ይዞ በተቻለው መጠን ፈቀቅ አለ።

"ትርንጎ፣ ይሄ ሰውዬ ሊናገር ነው" አለኝ በሹክሹክታ። አልሳቅሁም። እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር።

ያኔ ስለ ክፍያው አነሳሁ። የጠሩትን ሙሉውን እከፍላለሁ አልኩ። ሚስስ ሃማዳ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሊሸጥ ነው?"

"አዎ።"

"እንደዚህ እንደቆመ?"

መዋሸት እችል ነበር። የሳንታ ክላራውን ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ሐሩን ሲያስተካክሉ ቆዩና እንዲህ አሉኝ፦ "እንደቆመ የሚሸጥ ከሆነ ክንፏን ውሰጂ፣ አንቺ አትከፍይኝም፤ ገዢው ሲረከብ ግን እኔ ራሴ ነኝ የማስረው። የሚበታተን ከሆነ ይቺን እዚህ ትተሽልኝ ሂጂ። ለብቻዋ የሚፈልጋት ሰው አይመጣም።" ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። በልቤ ይቺ ሴት ንግድ አታውቅም ያልኩትን ቃል መልሼ ዋጥሁት። እስከ ቅዳሜ በአደራ ሰጥተውኛል። አሁን ጥሩሩ ከነሁለት ክንፉ እዚህ አጠገቤ፣ ሣጥኑ ላይ፣ ፊት ለፊት ቆሟል።

አሁን ወደ ንግዱ። ልጅቷ ፍቅር ያዛት ብለው እንዳይስቁ፣ ፍቅሩ አለ፣ ሒሳቡም አለ። በጸደይ ወራት አየር ማረፊያው አጠገብ ባለው ሆቴል የጃፓን የድሮ ጦር ዕቃ ገበያ አለ፤ ከቶኪዮ ድረስ ገዢ ይመጣል። ሚስስ ሃማዳ በየዓመቱ ይሄዳሉ፣ ሰዎቹን በስም ያውቋቸዋል። ሁለቱም ክንፎቹ ያሉት፣ ጉንጉኑ በሚያውቅ እጅ የተጠገነ፣ ከነሣጥኑ የቆመ ጥሩር እዚያ ሌላ ዕቃ ነው። የራስ ቁሩ ከሌለ ግን ደረቱን ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ ቅዳሜ ሁለት ዕቃ ሸጠን የቀረውን ሁሉ ወደ ቆሻሻ እንጥላለን ማለት ነው። መኪና ሲፈታ በሩም መብራቱም ሌላ መኪና ላይ ይገጠማል። ይሄ ግን ለአንድ ሰው ትከሻ የተሰፋ ነው፤ የትም አይገጠምም። ልክ ያልሆንነው እዚህ ላይ ነው፣ ሁለታችንም።

ላይሸጥም ይችላል። ገበያው ላይ ቆሞ፣ ተደንቆ፣ ፎቶ ተነስቶ ወደ ቤቴ ሊመለስ ይችላል። እርስዎ ደግሞ ጸደይ ድረስ የሚጠብቁበት ጊዜ የለዎትም፤ እዚያ የተከራዩት ሱቅ ባዶውን ቆሞ ኪራዩ ይቆጥራል። ስለዚህ የሚጠብቀው ሰው እኔ ብቻ ልሁን። የጥሩሩን ግማሽ ድርሻዎን ይልቀቁልኝ። በምትኩ የአልባኒ ዕቃ በሙሉ፣ የእኔም ግማሽ ጭምር፣ የእርስዎ ይሁን። ቁምሳጥኑ፣ የአናጺው መሣሪያ፣ ሸክላዎቹ፣ የስፌት መኪናዎቹ፣ ሁሉም ተድላ ይዞት የመጣው መኪና ላይ ተጭኗል። ሱቅዎን ነገ መክፈት ይችላሉ። መኪናውም እዚያው ይቅርልዎ። ሊብሬው መሪው ሥር ባለው ኪስ ውስጥ ነው፤ በእኔ በኩል ፈርሜበታለሁ። ተድላ በአውቶቡስ ይመለሳል፣ ተስማምተናል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ተጨቃጭቀን ነው የተስማማነው።

አይሆንም ካሉም አልቀየምዎትም። ተድላን ምሳ አብልተው ከነጭነቱ ይመልሱልኝ። ዓርብ ክንፏን ሳን ሆዜ አደርሳለሁ፣ ቅዳሜ የራስ ቁሩን በእጄ ፈትቼ ለሰውየው እሰጣለሁ፣ ድርሻዎም ሰኞ ይደርስዎታል።

ከእርስዎ ጋር በሠራሁበት ዘመን ሁሉ የመጨረሻ ዋጋዬን መጀመሪያ ተናግሬ አላውቅም፤ ለእርስዎም ቢሆን። ዛሬ ግን ጋሽ ይብራህ፣ ዋጋዬ ይኸው ነው። ጨምሪ ቢሉኝም አልጨምርም፣ ምክንያቱም ሌላ የቀረኝ ነገር የለም።

መልስዎን ቆማ የምትጠብቅ፣
ትርንጎ